የግቢ ሣር በማዳበሪያ ስለ መቃጠሉ

በከተማችን በአዲስ አበባ በግቢ ውስጥ ሣር ማብቀልና መንከባከብ የብዙ ቤተ ሰብ ልማድ ነው። ሣር የሚወደደው ለምለም ሆኖ ሲታይ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ቶሎ እንዲለመልምለት ሲል ነጩን ማዳበሪያ፥ ይኸውም ዩሪያ የሚባለውን፥ ከገበያ ገዝቶ ይበትንበታል። ሦስት ወይም አራት ቀን ካለፈ በኋላ ግን ሣሩ በመለምለም ፈንታ ጫፉ ቢጫ፥ ቀጥሎም ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ይታያል። ያየ ሁሉ «ማዳበሪያው አቃጠለው» ይላል። እኛም በዚህ ጽሑፍ መቃጠል የተባለው ነገር በእውነቱ ምን እንደ ሆነ፥ ከምን እንደሚመጣና እንዴት ሊከለከል እንደሚችል እንደ ዐቅማችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። ይህን ጕዳይ እንድናጠና ያነሣሣን የመጽሐፍ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ያጠፋነው ጥፋት ነው። ሦስት ተማሪዎች ሆነን አንዲት ክፍል በተከራየንበት ግቢ፥ የቤቱ እመቤት ባላቸው በሕይወት ሳሉ በገዛ እጃቸው ያስተካከሉትን የሰርዶ መስክ እንደ ዐይናቸው ብሌን የሚጠብቁ አሮጊት ናቸው። በኅዳር ወር፥ የባላቸው ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፥ «ሰው ሊመጣ ነው፤ ሣሩ ገርጥቶብኛል» ብለው አዘኑ። እኛም ሳይንስ ተማሪዎች ነንና፥ «ይህን ለእኛ ይተዉት እማማ» አልናቸው። 3 ኪሎ ዩሪያ ገዝተን ወደ 60 ካሬ ሜትር በሚሆነው መስክ ላይ ማታ በተንን። ያን ዕለት በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ፈረቃ አልነበረም። ነገ ሲመጣ እናጠጣዋለን አልን፤ ውሃው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። ሌሊት ሌሊት የወረደው ጤዛ ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡና ሣሩን ቆመው አዩት፤ ከዚያም ሳይቈጡ፥ «ልጆቼ፥ ሣሬን ምን አበላችሁት?» ብለው ጠየቁን። ስለ ናይትሮጂን ብዙ የምናውቀው ነገር ነበረን፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አልነበረንም።

አሁን መልሱን ፈልገን ያገኘን ይመስለናል።

በመጀመሪያ «መቃጠል» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ሰው ሁሉ ማዳበሪያ በባሕርዩ ትኩስ የሆነ፥ ሥሩን በሙቀት የሚለበልብ ነገር አድርጎ ያስበዋል። አንባቢ የዚህን ተቃራኒ በገዛ እጁ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ አንድ እፍኝ ዩሪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሮ ቢያማስል፥ ብርጭቆው ለእጅ እስኪሰማ ድረስ ይቀዘቅዛል። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀትን ከውሃው ይወስዳል እንጂ ለውሃው ሙቀት አይሰጥም። እንግዲህ ሣሩን የገደለው እሳት አይደለም። ሣሩ የሞተው በውሃ ጥም ነው፤ ያውም አንዳንድ ጊዜ እርጥብ ዐፈር ላይ ቆሞ።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ከወጥ ቤት የተሻለ ላቦራቶሪ አናገኝም። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ውሃ እያወጣ እንደሚሄድ እናቶቻችን ያውቃሉ። ቲማቲምና ሽንኩርት ተከትፎ ጨው ከተደረገበት በኋላ ጥቂት ቢቆይ ሳህኑ ውሃ ይቋጥራል። አንድ ድንች ለሁለት ቈርጦ አንዱን ቍራጭ በንጹሕ ውሃ፥ ሁለተኛውን ብዙ ጨው በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደርም ይቻላል። በማግስቱ የመጀመሪያው ሲሰበር ቀጭ የሚል ጠንካራ ሆኖ ሲገኝ፥ ሁለተኛው እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ ልምሾ ሆኖ ይገኛል። በሦስቱም ምሳሌዎች የሆነው አንድ ነገር ነው። የሕይወት ሴል በስስ ሽፋን የተከበበ ስለ ሆነ፥ ውሃ በሽፋኑ በኩል እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ በውሃው የሟሟው ነገር ግን እንደ ውሃው በቀላሉ አያልፍም። ስለዚህ ውሃ የሟሟ ነገር ካነሰበት ወገን ወደ በዛበት ወገን ይፈሳል። ይህን መተላለፍ ኦስሞሲስ ይሉታል። የሣር ሥር ውሃ የሚጠጣው በዚሁ ሕግ ነው፤ በሥሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከዐፈሩ ውሃ ይልቅ የወፈረ ስለ ሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። በዐፈሩ ውሃ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ማዳበሪያ የሟሟ እንደ ሆነ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ውሃው ወደ ሥሩ መግባቱን ያቆማል፥ ከባሰም ከሥሩ ወደ ውጭ ይወጣል። ቅጠሉ ግን በፀሐይና በነፋስ ውሃ ማትነኑን ስለማያቋርጥ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል።

እስከዚህ ያለው በትምህርት ቤት የተማርነው ነው። እኛን ያስገረመን ቍጥሩን ስንሠራ ያገኘነው ነገር ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሆላንድ ተወላጅ ቫንት ሆፍ፥ በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ነገር የሚያሳድረው የኦስሞሲስ ግፊት በሚገኝበት መንገድ ላይ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። በእርሱ ስሌት መሠረት 60 ግራም ዩሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ቢሟሟ፥ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሳድረው ግፊት ወደ 24 ከባቢ አየር ይደርሳል። በሌላ በኩል ዐፈር ውሃውን ወደ 15 ከባቢ አየር በሚጠጋ ኀይል አጥብቆ የያዘ እንደ ሆነ፥ አብዛኛው ተክል ውሃ መሳብ ተስኖት ይጠወልጋል ተብሎ ይቈጠራል። እንግዲህ 15ን እንደ ድንበር እንያዘው።

አሁን 10 ግራም ዩሪያ በአንድ ካሬ ሜትር ሣር ላይ እንደ ተበተነ እናስብ። ይህ ልክ የሆነ መጠን ነው፤ ልክ የሆነበትንም ምክንያት ወደ ታች እንናገራለን። ማዳበሪያው እንደ ተበተነ 5 ሊትር ውሃ ቢጠጣበት፥ በሊትር 2 ግራም ብቻ ይሆናልና ግፊቱ ከአንድ ከባቢ አየር በታች፥ 0.8 ያህል ነው። ሣሩ ምንም አይሰማውም። ያው 10 ግራም ግን ውሃ ሳያገኝ አድሮ አንድ ብርጭቆ በሚያህል ጤዛ፥ ይኸውም በ0.2 ሊትር ቢሟሟ፥ በሊትር 50 ግራም ስለሚሆን ግፊቱ 20 ከባቢ አየር ይደርሳል። ድንበሩ ታለፈ ማለት ነው። ልብ ይባል፤ የማዳበሪያው መጠን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ 3 ኪሎውን በ60 ካሬ ሜትር ላይ በመበተናችን በካሬ ሜትር 50 ግራም ደርሶናል፤ በዚያች ጤዛ ሲሟሟ ስሌቱ ወደ 100 ከባቢ አየር ያወጣል። በዚያው ማታ 5 ሊትር ውሃ በየካሬ ሜትሩ ቢደርሰው ኖሮ ግን ግፊቱ ከ4 ባልበለጠ፥ እማማም ያን ጥያቄ ባልጠየቁን ነበር። ከልክ 5 እጥፍ መብለጣችን ጥፋት ነው፤ ዋናው ጥፋት ግን ያለ ውሃ መበተናችን ነበር።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ረቂቅ አንብበው፥ «ዩሪያ እኮ ጨው አይደለም፤ በሴል ሽፋንም በኩል በመጠኑ ያልፋል፤ ስለዚህ ግፊቱ እንደ ጨው ግፊት የሚዘልቅ አይደለም» ሲሉ አስገነዘቡን። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዩሪያ በዐፈር ውስጥ ዩሪያ ሆኖ አይቈይም። ዩሪዬዝ የሚባል ኤንዛይም በዐፈርና በወደቀ ቅጠል ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ፥ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ዩሪያውን ወደ አሞንየም ካርቦኔት ይለውጠዋል፤ ይህም እውነተኛ ጨው ነው። (ዩሪዬዝ በ1926 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር እጅ ከባቄላ ዘመድ ፍሬ ነጥሮ በክሪስታል መልክ የተገኘ የመጀመሪያው ኤንዛይም ነው፤ ሰምነርም ስለዚህ ሥራ በ1946 የኖቤል ተካፋይ ሆኗል።) በፍሬዋ ዙሪያ ያለው ዐፈር በዚያ ጊዜ አልካሊነቱ ይጨምራል፥ አሞኒያ የሚባለውም ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ለልጅ ሥርና ለቡቃያ መርዝ ነው። ስለዚህ ዩሪያ ላይ ላዩን የቀረ እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ አንድ ጊዜ ውሃ በመንጠቅ፥ ሁለተኛ ጊዜ በአሞኒያ። ሦስተኛውም ጕዳት የኪስ ነው፤ በአየር የተነነው አሞኒያ ገንዘብ የተከፈለበት ናይትሮጂን ነውና። ውሃ ቶሎ ያገኘው ዩሪያ ግን ወደ ዐፈሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ፥ የሚወጣውን አሞኒያ ዐፈሩ ይዞ ያስቀረዋል።

ይህን ሁሉ ተፈጥሮ ራሷ በየመስኩ ታሳየናለች። ላም በግጦሽ ላይ የሸናችበትን ቦታ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፥ መካከሉ ደርቆ ዳር ዳሩ ከሌላው ሣር ይልቅ አብልጦ ለምልሞ ያገኘዋል። ውሻ ባለበት ግቢም እንዲሁ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ፥ በ1828 እ.ኤ.አ. ቨለር የተባለው ጀርመናዊ በላቦራቶሪ ከሠራውና ዛሬ ፋብሪካ ከሚያወጣው ዩሪያ ጋር አንድ ነው። በመካከል የገደለውና በዳር ያለመለመው ያው አንዱ ነገር ነው፤ የተለያየው ውፍረቱ ነው።

ሌሎቹም ማዳበሪያዎች ከዚህ ሕግ አይወጡም፤ ይሁን እንጂ እኩል አይደሉም። በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተዘጋጀ የጨዋማነት መለኪያ አለ፤ ሶዲየም ናይትሬትን 100 ብሎ ሌሎቹን እኩል ክብደት ይዞ ከእርሱ ጋር ያወዳድራል። በዚህ መለኪያ ፖታሲየም ክሎራይድ ወደ 116፥ አሞንየም ናይትሬት ወደ 105፥ ዩሪያ ወደ 75፥ አሞንየም ሰልፌት 69 ሲሆኑ፥ ዳፕ ከ30 እስከ 35 አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ አንባቢ አንድ እንቈቅልሽ ያገኛል። ዩሪያ በሚሰጠው ናይትሮጂን ልክ ቢመዘን፥ ከአሞንየም ሰልፌት ጨዋማነቱ በግማሽ ያህል ያንሳል። ታዲያ በየግቢው ሣር የሚያቃጥለው እርሱ ሆኖ የተገኘው ስለ ምን ነው?

በእኛ አሳብ ምክንያቱ እጃችን ነው። የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ መሬቱን የሚያዳብረው በእበትና በቤት ጥራጊ ነበር፤ በትኩስ እበት ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ብቻ ነው። በዩሪያ ውስጥ ያለው ከመቶ 46 ነው። አንድ ኪሎ ዩሪያ 90 ኪሎ ያህል ትኩስ እበት የሚሰጠውን ናይትሮጂን ይሰጣል ማለት ነው። እበት መበተን የለመደ እጅ ዩሪያን ሲዘግን «ይህቺ ምን ትሆናለች» ይላል። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በአገራችን በገበሬው ማሳ ላይ በሰፊው መታየት የጀመረው በ1959 ዓ.ም. አካባቢ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባደረጋቸው ማሳያዎች ነው። ገበሬው ከዚያ ወዲህ በኪሎና በሄክታር ማሰብን ተምሯል። የከተማው ሰው ግን መካሪ ሳይኖረው ከገበያ በፌስታል ቋጥሮ ይገዛል፥ በዐይኑ ገምቶም ይበትናል።

መጠኑም ከዚያው ከገበሬው ማሳ ሊገኝ ይችላል። ለጤፍና ለስንዴ በአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ የሚለው ምክር ለብዙ ዘመን በአገራችን ሲሠራበት ኖሯል። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ፥ 100 ኪሎው ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ይደርሰዋል። ለግቢ ሣር በአንድ ጊዜ የሚመከረው ናይትሮጂን በካሬ ሜትር 5 ግራም አካባቢ ነውና፥ 10 ግራም ዩሪያ የሚሰጠው 4.6 ግራም ከዚህ ጋር ይገጥማል። እንዲህ ከሆነ አንድ የ50 ኪሎ ጆንያ ለ5,000 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ 100 ካሬ ሜትር ሣር ያለው ሰው 1 ኪሎ፥ እንደ እኛ 60 ካሬ ሜትር ያለው 600 ግራም ይበቃዋል። ፍሬው በልቅ ሲሰፈር አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ይይዛል፤ ቢሆንም ከሻጩ ሚዛን ላይ ማስመዘኑ ይሻላል። የፈራ ሰው ይህንኑ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ዛሬ፥ ግማሹን ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ቢሰጥ ከመፍራቱ ይጠቀማል።

ከመጠኑ ይልቅ ግን የሚያስጨንቀው ውሃው ነው። በላይ ባሳየነው ስሌት በካሬ ሜትር 5 ሊትር እንፈልጋለን። ለ100 ካሬ ሜትር 500 ሊትር ይሆናል፤ በቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቈጠር 25 ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛም ምክር ከዚሁ ይነሣል፤ ማዳበሪያ የሚበተንበትን ቀን የሚወስነው ሣሩ መገርጣቱ ሳይሆን ቧንቧው መምጣቱ ነው። ውሃው ሲወርድ በጆሮ ሳይሰማ ወይም ሮቶው ሞልቶ በዐይን ሳይታይ ጆንያው አይፈታ። «ማታ ይመጣል» በሚል ተስፋ የተበተነ ማዳበሪያ ምን እንደሚያደርግ ተናግረናል። 25 ጀሪካን ለሣር ማፍሰስ ጎረቤት ለመጠጥ በሚቸገርበት ጊዜ የሚያሳፍር መሆኑንም ሳንገልጽ አናልፍም። ያን ጊዜ የሚሻለው ክረምትን መጠበቅ ነው።

ክረምት ስንል ግን የትኛውን ክረምት? በአዲስ አበባ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወሮች የሚያቃጥል ነገር የለም፤ ነገር ግን ናይትሮጂኑ ናይትሬት ሆኖ በጎርፍና በስርገት ይሄዳል፥ ከወንዝም ይገባል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲደላደል አንድ ጊዜ፥ በመስከረም ዝናቡ ሳያቋርጥ ሁለተኛ ጊዜ መስጠት ይመረጣል። የበልግ ዝናብ በደህና የጣለ እንደ ሆነ በመጋቢትም ይቻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ፥ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ነው፤ ሣሩም እድገቱን ቀንሶ ያርፋል። ያረፈን ሣር ማብላት እንደማይራብ ሕፃን ማጕረስ ነው። እኛ የበተንነው በኅዳር መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ዐፈሩም የራሱ ድርሻ አለው። ጥቁሩ መረሬ ዐፈር ሸክላው ብዙ ስለ ሆነ አሞንየሙን ይዞ ያስቀራል፥ ውሃም ያጠራቅማል፤ በእርሱ ላይ ያለ ሣር ስሕተትን በመጠኑ ይታገሣል። አዲስ በተሠሩ ቤቶች ግቢ ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ገረጋንቲ ተሞልቶ ከላይ ስስ ዐፈር ይለብሳል። እንዲህ ያለው መሬት ውሃም አይዝ፥ አሞንየምም አይዝ፤ ስለዚህ እዚያ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ይገባል። ከሣሩ ወገን ስንመለከት ሰርዶ ጨውን ከሚታገሡት ተክሎች ይቈጠራል፤ ቦሎቄ በሚጐዳበት የጨው መጠን ሰርዶ ምንም አይሆንም። ይህ ለእኛ ጥፋት እንደ ማካካሻ ሆኖልናል፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በአበታተን ረገድ የምንለው ጥቂት ነው። ሣሩ በታጨደ ዕለት አይበተንበት፤ የተቈረጠው ቅጠል እንደ ቍስል ነውና ሦስት አራት ቀን ይሰንብት። ዐፈሩ እርጥብ፥ ቅጠሉ ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ ፍሬው በእርጥብ ቅጠል ላይ ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ ከሥሩ በፊት ቅጠሉን ያነድዳል። የተመዘነው ዩሪያ በደረቅ አሸዋ ወይም በተነፋ ዐፈር ቢለወስ ለእጅ ይበረክታል። ግማሹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፥ ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተራመዱ ቢበትኑት አንዱ ቦታ ተደራርቦ ሌላው ባዶ አይቀርም። ጆንያ ወይም ባልዲ በሣሩ ላይ አስቀምጦ ከዚያ እየዘገኑ መበተን ግን ክፉ ልማድ ነው፤ የፈሰሰው በዚያው ይቀራል፥ ክብ ሆኖም ይደርቃል። አንዳንዶች ደግሞ ዩሪያን ከምድጃ አመድ ጋር ይለውሳሉ፤ አመድ አልካሊ ስለ ሆነ አሞኒያውን አስነሥቶ ያባክነዋልና ይህ አይደረግ። የዶሮ ኩስም የተፈጥሮ ነው ተብሎ ትኩሱን መበተን አይገባም፤ አሞኒያው ከአፍንጫ የሚደርስ ሁሉ ከሥርም ይደርሳል። ከሌላ ጥራጊ ጋር ተከምሮ ብዙ ወር ከተብላላ በኋላ ግን ከዩሪያ ይልቅ የሚታመን ነው።

ውሃና ማዳበሪያውን አንድ አድርጎ ማጠጣትም ይቻላል። በአንድ የ20 ሊትር ጀሪካን 40 ግራም ዩሪያ አሟሙቶ በ4 ካሬ ሜትር ላይ ማጠጣት፥ ከዚያም ቅጠሉን በጥቂት ንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ሥራው ብዙ ነው፤ ለትንሽ ግቢ ግን ከዚህ የሚሻል አላገኘንም፤ ማዳበሪያው ውሃውን ቀድሞ ሊሄድ አይችልምና።

ጥፋቱ ከደረሰ በኋላስ? መጀመሪያ በእውነት የማዳበሪያ ጕዳት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። የማዳበሪያው ጕዳት በጥቂት ቀን ውስጥ በድንገት ይታያል፤ መልኩም የእጅን ወርውራ ተከትሎ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፥ ወይም በሰልፍ የተሰመረ ነው። የውሃ እጦት ብቻ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ በሁሉ ቦታ፥ በተለይም በከፍታው ላይ ይታያል። ያልሟሟ ፍሬ ከቀረ በደረቅ መጥረጊያ ጠርጎ ማንሣት ይገባል። ከዚያም በካሬ ሜትር እስከ 25 ሊትር የሚደርስ ውሃ በዝግታ እያረፉ ማጠጣትና ይህንኑ በተከታታይ ቀኖች መድገም ነው፤ የሟሟውን ከሥሩ በታች አጥቦ ለማውረድ ሌላ ዘዴ የለም። ዳግመኛ «እንዲያገግም» ብሎ ማዳበሪያ መጨመር፥ ወይም ከሥር ግጦ ማጨድ በቍስል ላይ ቍስል መጨመር ነው። ከሳምንት በኋላ ጥቂት ሣር ነቅሎ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን አንገቱን ማየት ያስፈልጋል። አንገቱ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ቅጠሉ ሁሉ ቢደርቅ እንኳ ሕይወት አለው፤ ቡናማና የሚላቀቅ ከሆነ ግን ሞቷል።

የእማማ ሣር ከሁለቱም ነበረበት። በአራተኛው ቀን ማታ ውሃው ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ተራ ገብተን አጠጣን፤ በየፈረቃውም እንዲሁ አደረግን። ሙት ዓመቱ ግን አልጠበቀንም። በዚያ ቀን እንግዶቹ የተቀመጡት በቡናማው መስክ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ሲሆን፥ እማማ ከገበያ የተገዛ ቄጤማ አስጐዝጕዘው ሸፈኑት። ሣሩ ምን እንደ ሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ «ውሃ ጠፍቶ ነው» ይሉ ነበር፤ እኛም በኋላ ስሌቱን ስንሠራ አባባላቸው ትክክል ሆኖ አገኘነው።

ሰርዶ ከመሬት በታች የሚሮጥ ግንድ ስላለው ከዚያ ተመልሶ ያቈጠቍጣል። በየካቲት መጨረሻ ጥቂት ዝናብ ሲጥል አብዛኛው መስክ ከሥር አረንጓዴ ሆነ። ጆንያውን ያስቀመጥንበት ሁለት ክንድ የሚያህል ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ። ዐፈሩን ቈፍረን ደጋግመን በውሃ ካጠብነው በኋላ፥ ከአጥሩ ሥር የሰርዶ ግንድ እየቈረጥን በአንድ ስንዝር ርቀት ተከልንበት። በሰኔ ዝናቡ ሲደላደል 600 ግራም ዩሪያ በሚዛን አስመዝነን ይዘን መጣን። እማማ ከበረንዳው ወንበራቸውን አውጥተው እየተመለከቱን፥ ቧንቧውን ከፍተን ውሃው መውረዱን እስኪያዩ ድረስ እንዳንበትን ከለከሉን።